ሽማግሌ ያልቀመሰው ዳክዬ

ክላርክስተን፣ ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉሊት፣ ቶኪዮ

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስሽ ይቀዘቅዛልና አሙቀሽ ተቀበዪው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ አክስትሽ አበዛሽ «አባዬ፣ ቆሻሻውን ያውጡልኝ» ስትለኝ ብቻ ነው። እሷ ሆስፒታል ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ሺፍቷ ሲቀየር ደግሞ እኔ መቼ ማውራት መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ አወራለሁ።

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አንዱን ለወሬው፣ ሌላውን ለደበቅሽኝ ነገር።

የቶኪዮ ሰዎች በአውሮፓ ምግብ ቤቶቻቸው መስኮት ላይ ከሰም የተሠራ ምግብ ይደረድራሉ አልሽ። ስፓጌቲ ሹካ ላይ ተጠቅልሎ፣ ሹካው በአየር ላይ ቆሞ። ለአበዛሽ ብነግራት «ፈጠራ ከአያቷ ወርሳለች» አለችኝ። እኔ ግን አመንኩሽ። ሰሙን እንዲህ አሳምረሽ ከነገርሽኝ ወርቁን ለምን ከለከልሽኝ?

አንቺ ከወጥ ውስጥ ሽንኩርት እየለቀምሽ የሳህንሽን ዳር የሽንኩርት መቃብር ስታደርጊ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አሁን የፈረንሳዮች የሽንኩርት ሾርባ አይብ ቀልጦበት ግሩም ነው ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ይህን ሾርባ አንቺ አላዘዝሽውም። የቀመስሽው ከሌላ ሰው ሳህን ነው። ከሌላ ሰው ሳህን በማንኪያ መጥለቅ ደግሞ አብሮ የሚማር ሁሉ የሚያደርገው ነገር አይመስለኝም። አበዛሽ ሴት ጓደኛዋ ትሆናለች አለች። ትሁና። ሴት ከሆነች ስሟን ጻፊልኝ፤ ወንድ ከሆነ ስሙን፣ አገሩንና ቢላ የሚይዝበትን እጅ።

አባትሽ ሲሞት «አደራ» ብሎ የሰጠሽ ለኔ ነው። አደራውን ስጠኝ የሚል ሰው ከመጣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ እሺ የሚለውም እንቢ የሚለውም እኔው። አሜሪካ ብዙ ነገር አስትታኛለች፣ ይህን ግን አልነካችብኝም።

እኔ ባዘገይ በዕድሜዬ ነው። አንቺ ምን ምክንያት ይኖርሻል?

ሳህንሽን ከሩቅ የሚያይ አያትሽ፣
ኃይለመስቀል


ቶኪዮ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እዚህ በረዶ ጥሏል፤ እኔ ደህና ነኝ፣ አፍሬ ግን ነበር። ከሾርባ ተነሥተው ሰው ያገኛሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስሙ ሳሙኤል ነው። የነቀምት ልጅ ነው፤ እዚህ የሚማረው የመሬት መንቀጥቀጥ የማይጥለው ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቢላ በቀኝ እጁ ይይዛል። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ቤት ሩዝ እንበላና አንድ ቀን ወደ አውሮፓ እንሻገራለን። አውሮፓ እዚህ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ናት፤ ስምንት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት ውስጥ ጣሊያንን፣ ከዚያ በላይ ፎቅ ላይ ጀርመንን ማግኘት ይቻላል።

ጃፓኖች በነዚህ ቤቶች ውስጥ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን አያነሡም። የገዛ አገራቸውን ሩዝ እንኳ በዝርግ ሳህን ላይ አስደርገው በሹካ ይበሉታል፤ ያውም በሹካው ጀርባ ላይ በቢላ እየጫኑ። ሳሙኤል አጠገባችን የተቀመጡትን ሽማግሌ አይቶ እንደሳቸው ሊያደርግ ሲሞክር ሩዙ አፉ ሳይደርስ ከረባቱ ላይ ፈሰሰ። እኔ እንዳልስቅ ከንፈሬን ስነክስ እሱ ቀድሞኝ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ ሦስት ዓመት ያወሩለት ነበር።

አባባ፣ ሊያገባኝ ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ። የምጠየቀው እኔ አይደለሁም፣ የሚጠየቁት ክላርክስተን ያሉት አያቴ ናቸው ብዬዋለሁ። ሽማግሌ የት እንደሚልክ ግራ ገብቶታል፤ ክላርክስተን ቀርቶ አጠገቧ ያለችው አትላንታ እንኳ የሚያውቀው ሰው የለውም። እርስዎ እንቢ ካሉ አልሄድም፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። እሺ እንዲሉ ግን እንደዚህ ፈልጌ የማውቅ አይመስለኝም።

ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ሉሊት


ክላርክስተን፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉሊት

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። እዚህ ዛፉ ሁሉ አብቦ ብናኙ ስለሚረግፍ መኪኖቹ ሽሮ የተነሰነሰባቸው መስለዋል። አበዛሽ ትናንት የራሷን መኪና አጥታው የሰው መኪና በቁልፍ ስትታገል አገኘኋት። ዝም ብዬ አየኋት። በጾም ሰው መሳቅ አለበት፣ አለዚያ ይከብዳል።

ከሩዙ ደብዳቤ በኋላ ልጁን ወድጄው ነበር። በራሱ የሚስቅ ሰው ሚስቱን አይመታም ብዬ እሺታውን ልጽፍ ብዕር ሁሉ አንሥቼ ነበር። ከዚያ የዳክዬው ፖስት ካርድሽ መጣ።

የፈረንሳዩ ቤት አስተናጋጅ ነጭ ጓንት አድርጎ ወንበር ይስባል፣ ናፕኪኑንም ራሱ ጭንሽ ላይ ያነጥፋል አልሽ። እኛ ዘንድ ሰው ጭን ላይ ጨርቅ የሚያነጥፍ ሰው ዳኛ ፊት ይቆማል። ይሁን። ሳሙኤል ዳክዬ በብርቱካን በላ፣ አንቺ ዳቦና ቅቅል ድንች በላሽ አልሽ። ካርዱን የጻፍሽው ሁዳዴ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በጃፓን ዳክዬ የጾም ምግብ ነው ካላልሽኝ በቀር ልጁ አይጾምም። ቅቅል ድንቹን አንቺ ነገርሽኝ፤ ሌላውን አበዛሽ ሳትጠየቅ «ጴንጤ ነዋ» ብላ ጨረሰችው።

እኔ ጴንጤ አልጠላም። ከታች ያለው ጎረቤታችን ንዋይ ጴንጤ ነው፤ መኪናውን ፓርክ አድርጎ መዝሙሩን ሳይጨርስ አይወርድም። ሐኪም ዘንድ የሚወስደኝም እሱ ነው። ነገር ግን ንዋይ የልጅ ልጄን ስጡኝ አላለኝም።

ልንገርሽ፣ አሁን አልቀልድም። ባልና ሚስት አብረው የሚበሉትን እንግዳው ሁሉ ያየዋል። አብረው የሚተዉትን ግን ከነሱ ሌላ የሚያውቀው የለም። ከሴት አያትሽ ጋር ያኖረኝ እሱ ነው። አንቺ ድንችሽን ስትልጪ እሱ ዳክዬውን እየቆረጠ እንዴት ነው የምትኖሩት?

እንቢ አላልኩም። እሺም አላልኩም። የደበቅሽኝ ግን አንቺ ነሽና ደስ አላለኝም።

አያትሽ


ቶኪዮ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

የጻፉልኝን ይዤ አለቀስኩ፤ ደግሜ ሳነበው የአክስቴ አበዛሽ መኪና ወሬ ላይ ስደርስ ሳቅኩ፣ ከዚያ ለመሳቄ አፈርኩ። የደበቅኩት እሱን ለመሸፈን አልነበረም። እርስዎን ለማሳዘን ጊዜ እየመረጥኩ ነበር፤ ጥሩ ጊዜ ደግሞ አይመጣም።

የጠየቁኝን በእውነት ልመልስ። አዎ፣ ጠይቄዋለሁ። ይህን አንድ ሁዳዴ ለአባባ ስትል ጹምልኝ ብዬዋለሁ። እንዲህ ነው ያለኝ፦ «እሳቸው እንዲያዩልኝ ብዬ ብጾም የምጾመው ለሳቸው ነው። ሰውየውን አታልዬ ልጃቸውን ልውሰድ?» ተጣላን።

ግን ይህንንም ይወቁልኝ። በጾም ቀን ይዞኝ የሚገባበትን ቤት ፍለጋ ግማሽ ከተማ ዞሯል። ትልቁ ሱቅ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጣሊያን ቤት ድረስ ሄዶ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ እየሰገደ፣ ቅቤ የሌለበት፣ አይብ የሌለበት፣ እንቁላል ያልገባበት ፓስታ ለመነልኝ። ምግብ አብሳዩ ጃፓናዊ ነው፤ አይብ ያልነካውን ስፓጌቲ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ሠራልኝ፤ ሲያቀርብልኝ ግን ይቅርታ ጠየቀኝ። ሳሙኤል የራሱን ሳህን ሽታው እንዳይደርሰኝ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ እዚያው በላ።

እንዴት ነው የምትኖሩት ላሉኝ፣ እስካሁን የኖርነው እንደዚህ ነው።

ልጅዎ ሉሊት


ክላርክስተን፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉሊት

ትንሣኤው በሰላም አልፏል፤ አንቺም በደስታ እንደዋልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ዝም ስላልኩሽ ይቅርታ። በፖስታ ቤቱ ላሳብብ አስቤ ነበር፣ ፖስተኛችን ግን ዝናብ የማያስቀረው ሰው ነውና እግዜር ይታዘበኛል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነው። አሁንም ትንሽ ቀርቶኛል፤ ለወጉ ያህል።

ንዋይን አማከርኩት። «አባባ፣ ይጸልዩበት» አለኝ። አበዛሽን አማከርኳት። ደክሟት ስለነበር «እሺ በሏት ልተኛበት» አለች። ቄሱን አላማከርኩም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ሽማግሌ ይላክ። እኔ መምጣት ስለማልችል በኔ ቦታ የምትቀመጠው የድሮ ጎረቤታችን ወይዘሮ አፀደ ትሁን፤ ጃፓናዊ አግብታ እዚያ ስትቀር ሥርዓቷን ይዛ ነው የቀረችው። ቤቷ ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም ብለሽ ጽፈሽልኛል። እንግዲያው ያ ዳክዬ የተበላበት የፈረንሳይ ቤት ይሁን። ጓንት ያደረገው ሰውዬ ወንበር ይሳብላቸው፣ ያለው ሁሉ ይቅረብላቸው። የልጅ ልጄ የምትጠየቅበት ቀን ገበታው ጦም አይደር።

ሥርዓቱን አንቺም ታውቂያለሽ፦ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳያገኝ ከቤቱ እህል ውሃ አይቀምስም። ሳሙኤል ይህን ማወቅ አለማወቁን አትጠይቂው። እንዳታስተምሪውም። ለአፀደ ለብቻዋ የጻፍኩላት ነገር አለ፤ እሷንም አትነካኪያት።

አየሽ፣ ዘንድሮ ተንኮል ያለ ጉልበትም ይሠራል።

አያትሽ


ቶኪዮ፣ ሜይ 26 ቀን 1986

ውድ አባባ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሆን ብለው እንዳደረጉት አሁን ገብቶኛልና ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ትናንት እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዱ ቶሎሳ ነው፣ እዚህ ካለነው ተማሪዎች በዕድሜ ትልቁ። ሁለተኛው የሳሙኤል መምህር ፕሮፌሰር ሞሪ ናቸው። ሌላ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? በሳቸውም አገር አማላጅ ስላለ እንደተጠየቁ ነው ጥቁር ሱፋቸውን ያስተኮሱት። «ልጅቱ ጓዳ ነው መሆን ያለባት» ብላ ወይዘሮ አፀደ ከኩሽናው በር አጠገብ፣ ከትልቅ የአበባ ማሰሮ ኋላ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም በቅጠል መሐል አየሁት።

ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ እጃቸውን ከጎናቸው አድርገው ለአስተናጋጁ «ቤት ለእምቦሳ» አሉት። ባቡር ላይ ቶሎሳ ነው ያስጠናቸው። አስተናጋጁ ሰገደ። ወንበር ሳበላቸው፤ አመሰገኑና ቆሙ። እንደገና ሳበላቸው፤ እንደገና አመሰገኑ። ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ያይ ጀመር። በሦስተኛው አፀደ ራሷ «በሉ ተቀመጡ» ስትል ተቀመጡ።

ቶሎሳ እንደ ወጉ ተናገረ። ፕሮፌሰሩም በጃፓንኛ ብዙ ተማሪዎች እንደዳሩ፣ ሳሙኤል ጎበዝ ብቻ ሳይሆን ጨዋ መሆኑን ተናገሩ። አፀደ «አስባችሁ መጥታችኋል፣ እኛም እናስብበት» አለችና ምግብ ይምጣ አለች። ሾርባው መጣ፤ አልነኩትም፣ ቀዝቅዞ ተመለሰ። ዓሣው መጣ፤ ተመለሰ። ዳክዬው መጣ። ፕሮፌሰሩ ዳክዬውን ያዩበትን ዓይን አልረሳውም፤ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ይሄኔ ሼፉ ረጅሙን ቆብ በእጁ ይዞ ከኩሽና ወጣ። ምን እንዳጠፋ ጠየቀ። አፀደ ምግቡ ጥፋት የለበትም፣ የሚጠበቀው የልጅቱ አያት መልስ ነው፣ አያትየው ያሉት አሜሪካ ነው ብላ አስረዳችው። ሰውዬው ትንሽ አሰበና «መቼ ነው የሚደርሱት?» አላት።

እሷም ያኔ ጨከነች። እርስዎ የጻፉላትን መሆኑ ነው፤ «እንግዲህ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለቻቸው። ቶሎሳ ተነሣ። ፕሮፌሰሩም ተነሡ። የፈለጉትን ያህል እንመላለሳለን አሉ፤ «ያንን ከውጭ ያለውን ልጅ ግን አንድ ነገር እንዲቀምስ እዘዙልን። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልበላም» አሉ። ቶሎሳ ክንዳቸውን ያዘ፤ ዘግይቶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ምስጢር መሆኑን አላወቁም።

ሳሙኤል ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሱቅ ደጅ ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቶሎሳ ሲናገር ነው የሰማሁት። ሥርዓቱን ያውቅ ነበር፤ ሽማግሌዎቼ በኔ ምክንያት የሚራቡ ከሆነ እኔ ቀድሜ ልራብ ብሎ፣ ለኔ እንዳይነግሩኝም አስምሏቸው ነበር።

አፀደ ወደ አበባው ማሰሮ ዞር ብላ አየችኝና ስልኩን አነሣች። ምን እንደተባባላችሁ አልሰማሁም፤ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። ተመልሳ መጥታ «ይብሉ ብለዋል» አለች። ሼፉ የቀዘቀዘ ዳክዬ አላሞቅም ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ሠራ። ሳሙኤል ረጥቦ ገባ፤ ሊበላ ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ጀመረ፣ ሼፉም እንደገና ሊቀዘቅዝ ነው ብሎ በቆቡ አናቱን መታው።

አባባ፣ አሁን አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። «ይብሉ» ያሉት እሺ ብለው ነው ወይስ አዝነውላቸው ነው? አፀደ እሳቸውን ጠይቂ ትለኛለች። መልስዎ እስኪደርስ ሳሙኤልም እኔም መንገዱ ላይ እንደቆምን ነን።

ልጅዎ ሉሊት


ክላርክስተን፣ ሰኔ 1 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሉሊትና ለሳሙኤል

እሺ ማለት ነው። ይህን ከላይ የጻፍኩት ደብዳቤውን ሳትጨርሱ እንድትተቃቀፉ ነው። ከተቃቀፋችሁ በኋላ ተቀምጣችሁ ሌላውን አንብቡት።

አፀደ የደወለች ሰዓት እዚህ ማለዳ ነው። ለቅዳሴ እየለበስኩ፣ አንድ ካልሲ አድርጌ ሁለተኛውን ስፈልግ ነበር። ለአፀደ የጻፍኩላትን አሁን ልንገርሽ፦ ሽማግሌዎቹ አንድ ማንኪያ እንኳ ከቀመሱ «ሥርዓት የማያውቅ ልጅ አንሰጥም» ብለሽ ሸኚልኝ፣ ካልቀመሱ ደግሞ መልሺያቸውና እስከ መስከረም ላስብበት ነበር ያልኳት። የፈረንሳዩን ቤት የመረጥኩት ለዚያ ነው። ምግቡ እንዲፈትናቸው ፈልጌ ነበር። ፕሮፌሰሩን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ጃፓናዊ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አፀደ መጀመሪያ የሾርባውን ነገረችኝ፤ ሳቅሁ። የዓሣውን ነገረችኝ፤ ሳቅሁ። «ልጁ ከትናንት ጀምሮ አልበላም፣ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሟል፣ ሉሊት አታውቅም» ስትለኝ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ያለነው በሃምሳው ቀን ውስጥ ነው። በሃምሳው ቀን ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ቄሱም አይጾምም። የኔ ሰባ ዓመት ጾም ደግሞ ሰው ሳያውቅልኝ ያለፈበት አንድ ቀን የለም፤ አበዛሽን ጠይቂያት፣ ስጾም ግድግዳው ሁሉ ይሰማል። ለታይታ አልጾምም ያለው ልጅ ግን ማንም በማይጾምበት ሰሞን፣ ማንም እንዳያይለት አስምሎ ተራበ። እኔ የፈለግኩት አብሯት የሚተው ሰው ነበር። ለካ መተው ያውቃል። «ይብሉ» አልኩ። አፀደ አለቀሰ ብላ አውርታ ከሆነ ጉንፋን ነው።

አበዛሽ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ማን ነው የደወለው አለችኝ።

«ሉሊትን ዳርኳት።»

«መቼ?»

«አሁን። ካልሲዬን ሳደርግ።»

ያቺ እንቅልፍ የምትወድ ሰው ቆማ እልል አለች። ከታች ንዋይ ደንግጦ በፒጃማው ወጣ። እሱ ነው በመኪናው ቤተ ክርስቲያን ያደረሰኝ፤ መንገዱን ሁሉ ዘመረብኝ፣ እኔም ዝም አልኩት፣ የሠርግ ቀን ነውና።

በማን ቤተ ክርስቲያን ትጋባላችሁ የሚለውን ቄሱና ፓስተሩ ይጨቃጨቁበት። አንቺ ጾምሽን ጹሚ፤ እሱም ሳህኑን ወደ ዳር መግፋቱን አይተው። ሳሙኤል ሆይ፣ ጸሎትህን ግን ምግቡ ሳይቀርብ ጀምረው፤ ሼፉም ነፍስ አለው።

የዚያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ጧፍ ገዛሁ። ስትወለጂ ጀምሮ ለአንቺ ማብራት ልማዴ ነው። በዚያን ዕለት ሌላ አንድ ጨመርኩ። ለማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም ለአንድ ጴንጤ ነው ብዬ የምመልስበት ቦታ አልነበረም። ሳሙኤል በጧፍ አያምንም አሉ። ጧፉ ግን ምን ታምናለህ ብሎ ሳይጠይቀው፣ ከአንቺው ጎን እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ በራ።

አያታችሁ፣
ኃይለመስቀል